ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ተረት በመሣሪያው ተማምኖ ሥራውን ለሚዘነጋ ሰው የተሰጠ ተግሣጽ መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው፤ የዘመድ ደብዳቤ ከሹም ደጃፍ ያደርሳል እንጂ ሥራውን አይሠራም፥ የአባት ሀብትም ከትምህርት ቤት ያደርሳል እንጂ አያጠናም። ነገር ግን ይህን ተረት በአዊ ምድር፥ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ደጋ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ቃሉን መዝኖ መናገር ይኖርበታል፤ በዚያ አገር ፈረስ የሚያርስ፥ ሙሽራ የሚያጅብ፥ ለቅሶ የሚደርስ፥ ከቤተ ሰብ እንደ አንዱ የሚቈጠር ፍጥረት ነውና። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል ምክንያት አድርጎ እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ከሚዘክራቸው ነገሮች ዋነኛው ፈረሶች በዐድዋ ዘመቻ የዋሉት ውለታ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ ጉግስ የተመለከተ ሰው ተረቱን ለመቀበል ይቸገራል። ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው መልሶ ሲፈረጥጥ፥ አሳዳጁም ዘንጉን ሊወረውር ክንዱን ባነሣበት ቅጽበት፥ ልጓሙ ሳይሳብ ፈረሱ ራሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ጎኑን ሰበር ሲያደርግና ዘንጉ አፈር ላይ ሲወድቅ ቢያይ፥ «ታዲያ ከፈረሱና ከጋላቢው የተዋጋው ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተረቱን መጀመሪያ የተናገረው ሰው እግረኛ ሳይሆን አይቀርም ብዬ የምጠረጥርበት ጊዜ አለ። ቢሆንም ፍሬ ነገሩን አንጥለውም፤ ፈረሱ ከዘንግ ቢያስመልጥ እንኳ በተራው የሚወረውረው ክንድ የጋላቢው ነው፥ ክንዱ ከዛለ የፈረሱ ብልሃት ሁሉ ሽሽት ብቻ ይሆናል።

ይህን ማንሣቴ ስለ ትግል ለመናገር ነው። በገጠር ትግል ሚዛን አልነበረውም፤ እረኞች ከብት ባሰማሩበት መስክ፥ ጎረምሶችም በበዓል ቀን ሲገጥሙ አቻ የሚመረጠው በዐይን ነበር፤ ቁመቱንና ትከሻውን አይተው «አንተ ከእገሌ ጋራ» ይሏቸዋል፥ የሚበልጠውን የጣለ ደግሞ እጥፍ ይመሰገናል። ትግል ከገና፥ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋራ በባህል ስፖርት ደንብ ገብቶ ውድድር ሲደረግበት ግን ተጋጣሚ በኪሎ ይመደብ ጀመር፤ ጁዶና ነጻ ትግል የሚማሩት የከተማ ልጆችም በዚሁ ሥርዓት ያድራሉ። ሚዛን ከመጣ ወዲህ አብሮት የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፦ 71 ኪሎ የሚመዝን ጎረምሳ በውድድሩ ሳምንት እህልና ውሃ ትቶ፥ በላብ ደርቆ ወደ ታችኛው ምድብ ቢወርድ ይጠቀማልን?

የሚወርደው ሰው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሚዛኑን ካለፈ በኋላ ጠጥቶና በልቶ በአጥንቱ ከሚያንሰው ሰው ጋራ ሊገጥም ነው። እንግዲህ በትርጓሜ ቤት ልማድ «አንድም» ብለን ብንፈታው፥ የኪሎው ምድብ ፈረስ ነው፤ ከሚያንስ ባላጋራ ፊት ያደርሳል። አይዋጋም የሚለው ግን ሁልጊዜ እንደማይሠራ በፓሪስ ኦሊምፒክ ታይቷል። በ53 ኪሎ ትታገል የነበረችው ህንዳዊት ቪኔሽ ፎጋት ለዚያ ውድድር ወደ 50 ኪሎ ወርዳ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ባላጋራዎች አሸነፈች፤ ከሦስቱም አንዷ በዓለም አቀፍ ውድድር ተሸንፋ የማታውቀው ጃፓናዊት ዩዊ ሱሳኪ ነበረች። ስለዚህ መውረዷ ድል አላመጣላትም ማለት ሐሰት ነው። ነገር ግን ደንቡ ለፍጻሜ የደረሰ ሁሉ በማግስቱ ጧት እንደ ገና እንዲመዘን ያዝዛልና፥ ሌሊቱን ስትሮጥና ላቧን ስታፈስ አድራ፥ ጠጕሯን እንኳ አስቈርጣ፥ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጧት ሚዛን ላይ ብትወጣ 100 ግራም በልጣ ተገኘች። ከውድድሩ ተሰርዛ የመጨረሻውን ደረጃ ያዘች፤ ይግባኟም ውድቅ ሆነ። ፈረሱ አደረሳት፥ እርሷም ተዋጋች፤ በማግስቱ ግን ፈረሱ አልነሣም አለ።

ተረቱ ከትግል ጋራ የሚጣላውም እዚህ ላይ ነው። ጋላቢ ፈረሱ ቢደክም ወርዶ በእግሩ ይቆማል፤ ታጋይ ግን ፈረሱም ጋላቢውም ራሱ ስለ ሆነ፥ ለመድረስ የጨረሰውን ጕልበት ለመዋጋት ከሌላ ሊበደረው አይችልም። በጥቂት ቀን የሚወርደው ክብደት አብዛኛው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ውሃ ሲጐድል ደም ይወፍራል፥ ልብ ያንኑ ደም ለማዳረስ አብዝቶ ይመታል፥ ሰውነትም ሙቀቱን በላብ ማስወጣት ያቅተዋል፤ በጡንቻ ውስጥ ያለው የስኳር ስንቅም አብሮ ይራቈታል። ከሰውነት ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ውሃ ከጐደለ ጀምሮ ጽናት እንደሚቀንስ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ ለ71 ኪሎው ጎረምሳ ይህ አንድ ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም። የጠፋውንም በአንድ ሰዓት ጠጥቶ መመለስ አይቻልም።

«እኛ ጾም የለመድን ሕዝብ ነን፥ ሁለት ቀን አለመብላት ምን ያደርገናል?» የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን ሊቃውንት የጾም ዓላማ ኃይለ ሥጋን ማድከም፥ ፈቃደ ሥጋንም ለፈቃደ ነፍስ ማስገዛት እንደ ሆነ ያስተምራሉ፤ ጾምም በእርግጥ ይህን ያደርጋል። ሥጋን ለማድከም በተሠራ ሥርዓት ሥጋውን አድክሞ በማግስቱ በዚያው ሥጋ ሊያሸንፍ የሚወጣ ታጋይ ቢወድቅ፥ የሚያማርረው ጾሙ ስላልሠመረለት ሳይሆን ስለ ሠመረለት ነው።

ከመሸነፍ የከፋም አለ። በአሜሪካ ከጥቅምት 1990 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ባለው ጊዜ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ታጋዮች፥ ላብ የሚያወጣ የጎማ ልብስ ለብሰው በሞቀ ክፍል ውስጥ እየሠሩ፥ ውሃም እየተዉ ክብደት ሲቀንሱ ሞቱ፤ የጎማው ልብስና የላብ ቤቱ የተከለከለው፥ ሚዛኑም ወደ ግጥሚያው ሰዓት የተጠጋው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ አደጋ ከእኛም አገር ልጆች ሩቅ አይደለም፤ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ብርድ ሊያልበው የሚሻ ልጅ ጃኬት ላይ ጃኬት፥ በላዩም ላስቲክ ካልደረበ የሚሆንለት አይደለም፥ በደጋ አየር ደግሞ ትንፋሽ ራሱ ሳይታወቅ ውሃውን ይዞበት ይወጣል።

ይህን ስል ታጋይ ኪሎውን አያስብ ማለቴ አይደለም። ፈረሱን ለጥር 23 የሚያዘጋጅ ሰው ገብሱንና ድርቆሹን በዋዜማው አያስብም፤ ትርፍ ስብ ያለውም ታጋይ በሁለትና በሦስት ወር፥ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል እየቀነሰ ቢወርድ ጕልበቱ አብሮት ይቆያል። «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚሆነው በመጨረሻው ሳምንት ሲጣደፍ ነው። ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ግን እኔ ይህንንም አልፈቅድም፤ ከፍ ባለው ምድብ ገብቶ ቢሸነፍ ይሻለዋል።

የሚቀረው ክርክር ብርቱ ነው። «እኔ ባልቀንስ፥ የቀነሰው ሰው ከእኔ ከብዶ ይገጥመኛል» ይላል ልጁ፤ እውነቱን ነው። መልሱ መገኘት ያለበት ከታጋዩ ዘንድ ሳይሆን ደንቡን ከሚያወጡት ዘንድ ነው። ዓለም አቀፉ የትግል ማኅበር ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሚዛኑን ከዋዜማው ወደ ውድድሩ ጧት አምጥቶታል፤ በትልልቆቹ የብራዚል ጁጂትሱ ውድድሮች ደግሞ ተወዳዳሪው የትግል ልብሱን እንደ ለበሰ፥ ወደ መጀመሪያ ግጥሚያው ሊገባ ሲል ይመዘናል። በሚዛንና በምንጣፍ መካከል ጊዜ ከሌለ የደረቀ ሰው እንደ ደረቀ ይገባልና መውረዱ ትርፍ የለውም። በዞንና በክልል የባህል ስፖርት ውድድርም ሚዛኑ ከሜዳው ዳር ቢቀመጥ፥ ታጋዩም ከሚዛኑ ወርዶ በቀጥታ ወደ ግጥሚያው ቢሄድ፥ ወጪው ሚዛኑን ተሸክሞ የሚያመጣ አንድ ሰው ነው።