የተጓዥ እንጀራና የተጓዥ ምስክርነት

አገር ለአገር እየዞረ ያየውን የሚጽፍ ሰው የሚበላው እንጀራ ከማን ማሳ የበቀለ ነው? ገበሬ መሬቱን አርሶ፣ ሸማኔ ሸማውን ሠርቶ፣ አንጥረኛ ብረቱን ቀጥቅጦ ይበላል። ተጓዥ ጸሐፊ ለገበያ የሚያቀርበው ግን የሌላውን ሰው ተራራ፣ የሌላውን ሰው በዓል፣ የሌላውን ሰው ፊት ነው። የራሱ የሆነው ዓይኑና ብዕሩ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንዶች ሙያውን ከጥገኝነት ይቆጥሩታል፤ ሌሎች ደግሞ እንደማንኛውም የአእምሮ ሥራ ዋጋ የሚገባው ነው ይላሉ። ጥያቄው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነውና በቁጣም ሆነ በአድናቆት ሳይሆን በመመርመር ሊታይ ይገባዋል።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት የጉዞ ወሬን መሸጥ ዛሬ የተጀመረ ነገር አለመሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1735 እ.ኤ.አ. የፖርቱጋላዊውን ኢየሱሳዊ የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ 5 ጊኒ ተከፈለው። በ1759 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሴላስ የተባለ የሐበሻ ልዑል ባለታሪክ የሆነበትን ልብ ወለድ ጽፎ ለመጀመሪያው እትም 100 ፓውንድ፣ ለሁለተኛው 25 ፓውንድ አገኘ። ጆንሰን ግን ኢትዮጵያን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በ1773 እ.ኤ.አ. ጆን ሆክስወርዝ የመርከበኛውን የካፒቴን ኩክንና የሌሎች መርከበኞችን ማስታወሻ አሰናድቶ በማውጣቱ 6,000 ፓውንድ ተቀበለ። እሱም ባሕሩን አልተሻገረም። እንግዲህ የሩቁን አገር ወሬ የሚናፍቅ አንባቢ እስካለ ድረስ በዚያ ወሬ የሚያድር ሰው ይኖራል ማለት ነው።

ታዲያ ክፉው ገንዘቡ ነው እንዳንል የጄምስ ብሩስ ታሪክ ይከለክለናል። ብሩስ ባለርስት ነበር፤ ለእንጀራው ሲል መጻፍ አላስፈለገውም። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ግሽ ዓባይ ምንጭ አጠገብ ቆመ፤ ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉን በ1790 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከጻፈው ብዙው እውነት እንደነበረ ከእሱ በኋላ የመጡ መንገደኞች መስክረውለታል። ሆኖም በአንድ ነገር ላይ ሚዛኑ ተዛባ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. በዚያው ምንጭ አጠገብ መቆሙን ሊያስተባብል ጣረ። ምንጩን ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ ሲያከብሩት የኖሩት የሰከላ ሰዎች ደግሞ ከ«ግኝቱ» ሒሳብ ውጪ ቀሩ። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት የተነገረው ይህን ለመሰለ ሁኔታ ነው። ብሩስን ያሳሳተው ደመወዝ አልነበረም፤ ፊተኛ የመባል ክብር ነበር። ክብርም ክፍያ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያልተቀበለ ሁሉ ነጻ ምስክር ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ገንዘብ የተቀበለም ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም።

ከዚህ ላይ ወደ ዛሬው ሁኔታ እንመለስ። ቀድሞ አሳታሚና ማተሚያ ቤት ይጠይቅ የነበረው ሥራ ዛሬ በኢንተርኔት አማካይነት የእጅ ስልክ ላለው ሁሉ ክፍት ሆኗል። በዚህ መንገድ ስለ ጉዞው እየጻፈና ፎቶግራፍ እያነሣ የሚኖር ሰው ገቢው በአራት መንገድ ይመጣለታል። አንደኛው በጽሑፉ አጠገብ ከሚወጣ ማስታወቂያ በአንባቢው ብዛት ልክ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው ኮሚሽን ነው፤ ይኸውም አንባቢው በጸሐፊው ጥቆማ ሆቴል ሲይዝ ወይም ዕቃ ሲገዛ ሻጩ ለጸሐፊው የሚያካፍለው ድርሻ ነው። ሦስተኛው ግብዣ ነው፤ ሆቴል፣ አየር መንገድ ወይም የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ወጪውን ይችላል፣ አንዳንዴም አበል ይጨምርበታል። አራተኛው መጽሐፉን ወይም የጉዞ መምሪያውን ለአንባቢው በቀጥታ መሸጥ ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው፣ ከአራቱ በሦስቱ ከፋዩ አንባቢው አይደለም።

ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተጋበዘውን ጸሐፊ ዋሽ ብሎ የሚያዝዘው ሰው አያስፈልግም። መጥፎ ነው ብሎ የጻፈለት ሆቴል ኮሚሽን አያመጣለትም፤ የነቀፈው መሥሪያ ቤት ዳግመኛ አይጋብዘውም። ስለዚህ የጻፈው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ሳለ፣ ሳይጽፈው የተወው ነገር ድምሩን ሐሰት ሊያደርገው ይችላል። የባሕሩን ጥራት ጽፎ የአስተናጋጇን ደመወዝ ይተዋል፤ የአልጋውን ምቾት ጽፎ ሆቴሉ ሲሠራ የተነሡትን መንደርተኞች ይዘላል። በእንዲህ ያለው ንግድ የተሸጠው ዝምታው ነው።

«የበላበትን ወጪት ሰባሪ መሆን ነውር አይደለምን?» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ በባህላችን ውስጥ ሥር የሰደደ እውነት አለውና። ቀኑ የመሸበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል እግሩን አጥበው፣ ካላቸው አብልተው አሳድረውታል። እሱም በበኩሉ የመጣበትን አገር ወሬ፣ የዝናቡንና የገበያውን ነገር ያወጋቸዋል። እንዲህ ያለውን ቤት ወጥቶ ማማት በእርግጥ ነውር ነው። ነገር ግን ያ ባለቤት እንግዳውን ያሳደረው ነገ ሌሎች መቶ እንግዶችን ከፍለው እንዲመጡለት ብሎ አልነበረም። ሆቴሉ ግን ለጸሐፊው አልጋ ሲሰጥ ለማስታወቂያ ከያዘው በጀት ላይ ቆርሶ ነው። የንግድን ውል በእንግድነት ልብስ ሸፍኖ ምስጋናን በዕዳ መልክ መጠየቅ የእንግዳ አቀባበልን ባህል ራሱን ማራከስ ይሆናል።

ይህን ችግር ሕግም ተመልክቶታል። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያውን ሲያሻሽል፣ በኢንተርኔት የሚጽፉ ሰዎች ስለሚያሞግሱት ዕቃ ወይም አገልግሎት ገንዘብ ወይም ስጦታ ተቀብለው እንደሆነ እንዲገልጹ ጠየቀ። የመመሪያው ሐሳብ ቀላል ነው። ክፍያን አይከለክልም፤ የተደበቀ ክፍያን ይከለክላል። አንባቢ ከፋዩን ካወቀ ምስክርነቱን በራሱ ሚዛን መዝኖ ሊቀበለው ይችላልና።

የራሳችን የጽሑፍ ታሪክም ለዚህ አብነት አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። መጽሐፉ አስተናጋጆቹን አብዝቶ ያመሰግናል። ነገር ግን ጸሐፊው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር መሆናቸውን፣ ማን እንደላካቸውና ማን እንደተቀበላቸው አንባቢው ስለሚያውቅ ምስጋናውን ከዚያ አንጻር ያነበዋል። በግልጽ የቆመ ወገንተኝነት አንባቢን አያታልልም።

እስካሁን የተናገርነው ጸሐፊው ለአንባቢው ስላለበት ዕዳ ነው። ሁለተኛው ዕዳ ለታዩት ሰዎች ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በደቡብ ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች ፎቶግራፍ ለሚያነሣቸው ጎብኚ በየፎቶው ዋጋ ያስከፍላሉ። ይህን በምሬት የጻፉ፣ «ንግድ ገብቶባቸዋል» ብለው ያዘኑ ተጓዦች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን ፎቶግራፉን ወስዶ ለማስታወቂያና ለዝና የሚያውለው ሰው፣ ፊቷን የሰጠችው ሴት ዋጋ ብትጠይቅ በምን አንደበት ይወቅሳታል? ከዚህም በላይ፣ ጎብኚ ሲመጣ ከዘወትሩ የተለየ ጌጥ መደራረብ የተለመደ ሆኗል፤ ጎብኚው ለእንግዳ መልክ አብልጦ ይከፍላልና። ተጓዡ ይህን ምስል «ዘመናዊነት ያልነካው ሕይወት» ብሎ ሲያወጣው የገዛ ገንዘቡ የሠራውን ነገር የጥንት ልማድ አድርጎ መሸጡ ነው። ሆቴሉ ለእሱ የከፈለውን እንደደበቀ ሁሉ፣ እሱ ለሴቲቱ የከፈላትንም ደብቋል። ከሁለት ወገን የተሰወረ ክፍያ በአንድ ሥዕል ውስጥ ተገናኘ ማለት ነው።

እንግዲህ የተጓዥ ጸሐፊ እንጀራ ንጹሕ የሚሆነው መቼ ነው? በእኛ አስተያየት ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ የከፈለውም ሆነ የተከፈለው በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ሲታይ ነው። ሁለተኛ፣ ጽሑፉ በቋንቋቸው ተተርጉሞ በታዩት ሰዎች ፊት ቢነበብ ጸሐፊው ሳያፍር ከመካከላቸው ሊቀመጥ ሲችል ነው። ይህ ማለት ነቀፋ አይጻፍ ማለት አይደለም፤ ፊት ለፊት ሊነገር የሚችል ነቀፋ ከሐሜት ይለያል። በእነዚህ ሁለቱ የጸና ጸሐፊ አንዳንድ ግብዣ ይቀርበታል፤ ገቢውም ያንስ ይሆናል። ያ የምስክርነት ዋጋ ስለሆነ ከሌላ ሰው ትከሻ ላይ ሊጣል አይገባም።

ነገሩ የሩቅ አገር ሰዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬ በአገራችን ብዙ ወጣቶች ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ ዳሎልን ለዓለም እያሳዩ ለመኖር ተነሥተዋል፤ ጥረታቸውም የሚደገፍ ነው። የገዛ አገሩን የሚያሳይ ሰው ግን ከባዕዱ ተጓዥ የከበደ ፈተና አለበት፤ የአፋሩ የጨው ቆራጭ ለእሱም እንደባዕዱ «እንግዳ መልክ» ሊሆንበት ይችላልና። በአሞሌው ላይ ያረፈውን ፀሐይ ሲያሳይ፣ ቆራጩ ስንት እንደሚከፈለውም ጠይቆ ሊጽፍ ይገባዋል። መምህሩ ተማሪውን የጉዞ ጽሑፍ ሲያስነብብ፣ አዘጋጁ ለኅትመት ሲቀበል፣ ሠዓሊው ተጋብዞ ሄዶ የሣለውን ሲያቀርብ ይህንኑ ጥያቄ ቢያነሡ ይበጃል፦ ለዚህ ማን ከፈለ? የታየውስ ሰው ምን አገኘ?