የመንዝ በግ የሁለት በዓል ነው

ላቱ የደነደነ፣ ጠጉሩ ከጓሳ ውርጭ ጋር የተላመደ በግ የመንዝ ገበሬ ጥሪት ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል። ዓረፋ ሲደርስም ያው በግ፣ በዚያው መንገድ፣ አንዳንዴም በዚያው ነጋዴ እጅ ይሄዳል። ገበሬው ግን ፋሲካን በጾሙ፣ በስግደቱ፣ በሌሊቱ ቅዳሴ ያውቀዋል፤ ዓረፋን የሚያውቀው በበጉ ዋጋ ብቻ ነው።

ይህ ሊታረም ይገባል።

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰው ለበዓል ክብር እንግዳ አይደለም። በማማም፣ በላሎም፣ በጌራም ምድር ወር በገባ በ12 ለሚካኤል፣ በ19 ለገብርኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላል። ሰማዩ ጠቁሮ፣ የዘሩ ጊዜ እያለፈበት እንኳ በሬውን ፈትቶ በዓሉን አክብሮ የሚውል ገበሬ ብዙ ነው። ማኅበር የሚጠጣ፣ በጥምቀት ታቦት የሚያጅብ ሰው የአንድ ቀን ክብር ምን ያህል እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። የጎረቤቱ ቀን ሲቃለል ጎረቤቱ ምን እንደሚሰማውም ከራሱ ልብ ሊረዳው ይችላል።

ጎረቤቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ደገኛው "ሰንበቴ" ሲባል በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚቀርበው ጠላና ዳቦ ይታወሰዋል። ገደሉን ወርዶ ቆላ ሲገባ ግን ሰንበቴ የከተማ ስም ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ እሑድ እሑድ የሚገናኙበት ትልቅ ገበያ የሚቆምበት። ግሼም በበኩሉ ከወሎ ጋር ይዋሰናል፤ በአንድ ዘመድ ውስጥ መስቀል የሚያስርና መስጊድ የሚሄድ መገኘቱ ከማያስገርምበት አገር ጋር። ደጋው ለብቻው የሚኖር ቢመስልም ጨውን፣ በርበሬንና የቆላ እህልን የሚያገኘው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

እንግዲህ የበዓል ወዳጅነት ከገበያው ይጀመር። ለዓረፋ የሚታረደው ኡድሂያ ለሙስሊሙ አምልኮ ነው፤ ሃይማኖቱም መስፈርት አውጥቶለታል። በጉ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ፍየል ከሆነ ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ዓይኑ የጠፋ፣ ማነከሱ የታየ፣ ሕመሙ የለየለት፣ መቅኔው እስኪደርቅ የከሳ አይቀርብም። ከሲታውን ጨው አልሶ ውኃ በማጠጣት ሆዱን ነፍቶ የሚሸጥ፣ ማነከሱን "መንገድ ጎድቶት ነው" ብሎ የሚያድበሰብስ፣ ዕድሜውን የሚዋሽ ሻጭ ከገዢው የወሰደው ብር ብቻ አይደለም፤ መሥዋዕቱንም አበላሽቶበታል። ይህ ከተራ የገበያ ብልጠት ጋር አይቆጠርም። የመንዝ ገበሬ ለቤተ ክርስቲያን የተሳለውን ስለት ነውር ያለበት አድርጎ ማቅረብን እንዴት እንደሚፈራ ያስብና በዚያው ልብ ይሽጥ። ለቆላው ነጋዴም ምክሩ ያው ነው፤ በሁዳዴ ለጾመኛ ደንበኛው ቅቤ የነካውን ድስት "የጾም ነው" አይበለው።

ሌላው የቀን ነገር ነው። ደገኛው የበዓሉን ዕለት ቆጥሮ ያውቃል፤ መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው። የእስልምናው ዓመት ግን በጨረቃ ስለሚሄድ 354 ወይም 355 ቀን ነው። ዒዱም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ እየተሳበ በ33 ዓመት አካባቢ ወቅቶቹን ሁሉ ይዞራል። "ዓምና በግንቦት ነበር" የሚለው ስሌት ስለዚህ አይሠራም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴ የካቲት 17 ቀን ገባ፤ ረመዳን አምስት ቀን ቆይቶ የካቲት 22 ቀን ጀመረ። እስከ መጋቢት 21 ቀን ዒድ ድረስ ሁለቱም ወገኖች አብረው ጾሙ። አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላው ፀሐይ እስክትጠልቅ እህልና ውኃ ሳይቀምሱ ዋሉ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ወቅት ሕዝቡ ተቀላቅሎ በሚኖርበት ቀበሌ የተፋሰሱን ሥራ በማለዳ ጀምሮ በጊዜ መጨረስ፣ ስብሰባውን እስከ ማፍጠሪያ ሰዓት አለመጎተት የሊቀ መንበሩ ግዴታ መሆን አለበት። ወጪ የለውም፤ ማሰብ ብቻ ይጠይቃል።

የማዕድ ጉዳይ ብዙውን ሰው ያስፈራዋል። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ ይህን መደበቅም ማፈርም አያሻም። በወሎና በይፋት አዋቂዎች መላውን አግኝተውለታል። ሠርግ ወይም ተዝካር ያለበት ክርስቲያን ለሙስሊም እንግዶቹ በጉን ከነነፍሱ ያስረክባል፤ በራሳቸው ቢላ፣ በራሳቸው ስም አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው በተለየ ዳስ ይበላሉ። ሙስሊሙም ሲጋብዝ እንደዚያው ያደርጋል። ሁለተኛውን ድስት መጣድ እንግዳን ማግለል የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ የእንግዳን እምነት አክብሮ ማብላት ማለት ይኸው ነው። ይህን ማድረግ አቅም የማይፈቅድለት ቡና ያፍላ፤ ቆሎውንም ያቅርብ።

የመንዝ ሰው ይህን ምክር ከውጭ የመጣ አድርጎ እንዳያየው ታሪኩ ራሱ ይከለክለዋል። የሸዋ ነገሥታት ዘር የተነሣው ከመንዝ ነው። ከዚያው ዘር የተወለደው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ሆኖ ሲገዛ የይፋትን አገር የሚያስተዳድርለት ወላስማ መሐመድ የሚባል ሙስሊም ባላባት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ የእኩልነት ጥያቄ ይዘው ሲሰለፉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻቸው ብሔራዊ በዓል እንዲሆኑ ነበር። ዒድ አል ፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ በ1967 ዓ.ም. በሕግ ታወቁ። ከዚያ በፊት የሙስሊም ልጅ በዒድ ቀን ትምህርት ቤት ይጠበቅ ነበር። ሕጉ ቢሮውንና ትምህርት ቤቱን ዘጋ፤ የጎረቤትን ደጅ መክፈት ግን ለሰው የተተወ ሥራ ነው።

ይህ ሥራ ዛሬ አጣዳፊ ነው። በ2013 ዓ.ም. በቆላው በኩል ያለችው የአጣዬ ከተማ አብዛኛው ክፍል ተቃጥሎ ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ። ያ እልቂት የበዓል ጠብ አልነበረም፤ ነገር ግን በደጋውና በቆላው መካከል የነበረውን መተማመን ክፉኛ ጎድቶታል። የተጎዳ መተማመን በአዳራሽ ንግግር ብቻ አይድንም። ሰው ከሰው ጋር ያለ ጥርጣሬ የሚገናኝበት ቀን ያስፈልገዋል፤ ከበዓል የተሻለ ቀን ደግሞ አይገኝም። በአንዳንድ ከተሞች ክርስቲያን ወጣቶች የዒድ ሶላት መስገጃውን፣ ሙስሊም ወጣቶች የጥምቀትን መንገድ ሲያጸዱ ታይተዋል። ከደጋው እስከ ቆላው ያሉ ወጣቶችም ይህን ለማድረግ መጥረጊያ እንጂ በጀት አያሻቸውም። በበዓል ሰሞን በስልክ የሚዘዋወረውን የሃይማኖት ስድብ ሳያስተላልፉ ማጥፋትም የእነርሱ ፋንታ ነው። ካህናቱና ሼኾቹ ደግሞ የድምፅ ማጉያቸው አንዱ የሌላውን ጸሎት እንዳይውጥ ከበዓሉ አስቀድመው ተገናኝተው ሰዓት ይስማሙ።

ለመጪው ዓረፋ በግ ይዞ ገበያ የሚወጣ የመንዝ አባወራ ገዢውን "በዓሉ መቼ ይውላል?" ብሎ ይጠይቀው። ቀኑን ሲነግረው፣ ዋጋውን ከመጥራቱ በፊት "እንኳን አደረሰዎ" ይበለው።