ለእንግዳ ዋጋ ይተመንለታልን?

ከአዋሽ ተነሥቶ ወደ ሚሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ገዋኔን አልፎ አዳይቱን ያቋርጣል። ወደ ጅቡቲ ወደብ የጭነት መኪኖች የሚመላለሱበት ይህ መንገድ፣ ባሕር ተሻግረው ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ የሚሹ ወገኖቻችንም መንገድ ነው። በታችኛው አዋሽ፣ በአሳይታ ደግሞ፣ ከኤርትራ የተሰደዱ አፋሮች ተጠልለዋል። ሄያጁና መጪው በአንድ ሸለቆ ስለሚገናኙ፣ ስደተኛን ማን ይቀበል የሚለው ጥያቄ ለእኛ የሩቅ አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ በገበያ መልስ የፈለጉ ሊቃውንት አሉ። አሜሪካዊው የሕግ ምሁር ፒተር ሹክ በ1997 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባቀረቡት ሐሳብ፣ እያንዳንዱ አገር እንደ አቅሙ የስደተኞች ድርሻ ይመደብለታል፤ መቀበል ያልወደደ ግን ለሌላ አገር ከፍሎ ድርሻውን ያስተላልፋል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባጸደቀው ሕግ፣ አባል አገር ስደተኛ በመቀበል ፈንታ በአንድ ሰው 20,000 ዩሮ እንዲያዋጣ ፈቅዷል።

ሐሳቡን በችኮላ ልንነቅፈው አይገባም። በ1969 በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት፣ አንዱ አገር ሲከብደው ሌሎች ሸክሙን እንዲያቀልሉለት ይጠይቃል፤ ዋጋ ስላልቆረጠ ግን ልመናው ብዙ ጊዜ ሰሚ አጥቷል። አንድ ሚሊዮን ያህል ስደተኞችን ያስጠለለችው ኢትዮጵያ ይህን ታውቀዋለች። በ2016 የታሰበላት የ500 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ 100,000 የሥራ ቦታዎችን፣ ከእነዚህም 30,000ውን ለስደተኞች፣ ለመክፈት ያለመ ነበር። እንግዳን ለሚመግብና ለሚያስተምር መክፈል ፍትሕ እንጂ ነውር አይደለም።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። አስተናጋጁን ለመርዳት ሲከፈል የሚገዛው እንጀራ፣ ውኃና ትምህርት ነው። እንግዳው ደጃችን እንዳይደርስ ሲከፈል ግን የሚገዛው የእርሱ ከዓይናችን መራቅ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውዬው ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር ዕዳ ይቆጠራል። ይህን ያስተዋሉ በኋላ የተነሡ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ስደተኛው ራሱ የሚመርጣቸውን አገሮች በቅደም ተከተል እንዲያስመዘግብ የሚል ሐሳብ ጨምረዋል። መልካም ማሻሻያ ነው፤ ቢያንስ ሰውዬው ይጠየቃል።

አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ከየት እንደ መጡ፣ ምን እንዳዩና ምን እንደ ሰሙ ሳይጠያየቁ አይለያዩም። በአሳይታ የተጠለሉትም ቋንቋቸውን በሚናገር ወገናቸው መካከል ናቸው። ነገ ወደ ሌላ አገር የሚተላለፍ ድርሻ ሆነው ቢቆጠሩ፣ ያ ዝምድና በስንት ዩሮ ይመዘገባል?