ጅጅጋ ላይ ያለው ማዕዘን

የጅጅጋን መንገዶች ቀጥ ባለ መስመር ያሠመሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ ሄደው መድፈኝነት የተማሩ ሰው ቀጤ ማዕዘን ቢወዱ አይገርመኝም። እኔም ከተማዋን ለቀው የሚወጡትን መንገዶች በዚያው ዐይን ሳያቸው ኖሬአለሁ፤ አንዱ በሰሜን ምሥራቅ ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ሌላው በደቡብ ምሥራቅ ወደ ደገሃቡር። ካርታ ላይ ስኳድራ የተገጠመባቸው ይመስላሉ።

ዐይኔን ልመነው? ቁጥር ፈለግሁ። ጅጅጋን ዜሮ ብዬ ስነሣ፣ ቶጎ ውጫሌ 32 የኬንትሮስ ደቂቃ ወደ ምሥራቅ፣ 15 የኬክሮስ ደቂቃ ወደ ሰሜን ነው፤ ደገሃቡር 46 ወደ ምሥራቅ፣ 68 ወደ ደቡብ። ምሥራቅን በምሥራቅ ሳባዛ 1472፤ ሰሜንን በደቡብ ሳባዛ ነጋቲቭ 1020። ማዕዘኑ ቀጤ ቢሆን ድምራቸው ዜሮ በሆነ ነበር። 452 ተረፈ።

ምናልባት ቀጤው ማዕዘን ሦስቱ ከተሞች በሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ሌላ ጥግ ላይ ይሆን? ጎኖቹን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዛሁ፦ 1249፣ 6740፣ 7085። ረጅሙ ከቶጎ ውጫሌ እስከ ደገሃቡር ያለው ነው፤ ትልቁ ማዕዘን ደግሞ ሁልጊዜ ከረጅሙ ጎን ፊት ለፊት ነው፤ ያም ጅጅጋ። 1249 እና 6740 ሲደመሩ 7989 ነው፣ ከ7085 ይበልጣል። ስለዚህ ትልቁ ማዕዘን ራሱ ሹል ነው፣ 81 ዲግሪ ገደማ። እሱ ቀጤ ካልሆነ ሌሎቹን መፈተሽ ድካም ብቻ ነው።

አሁንም ልቤ አላረፈም። መሬት ድቡልቡል ናት፤ ከምድር ወገብ ስንርቅ የኬንትሮስ ደቂቃ ከኬክሮስ ደቂቃ ያጥራል። በ9 ዲግሪ ግን የሚያጥረው ከመቶ አንድ ያህል ነው፤ አስተካክዬ ሳሰላ 452ቱ 416 ሆነ። ደቂቃዎቹ ደግሞ የተጠጋጉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ልዩነት በአንድ ደቂቃ ቢሳሳት እንኳ ውጤቱ የሚዛነፈው በ160 ገደማ ነው። ዜሮ አይደርስም።

ይህ ሁሉ ለሩቅ ከተሞች ነው። የፊታውራሪን የመንገድ ጥግ በስልኬ ልፈትሽ ብል፣ የስልክ ስሕተት ብዙ ጊዜ አምስት ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሃምሳ ሜትር በማይሞላ ጎን ላይ ማዕዘኑ በብዙ ዲግሪ ይዛባል። እዚያ ሲባጎ ይሻላል፦ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4፣ ሰያፉ 5 ከሆነ ጥጉ ቀጤ ነው። የኔ ግቢ ሰያፍ 5 ሜትር ከ8 ሳንቲ ወጣ።