ቱንቢ

በቻይና ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ዛሬ ዠጂያንግ በሚባለው ግዛት፣ ቲየንታይ የሚሉት ተራራ አለ። የታንግ ነገሥታት በሚገዙበት ዘመን አንድ የጨው መጋዘን ጸሐፊ ሥራውን ጥሎ ወደዚህ ተራራ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ በግራ ክርኑ ጠረጴዛ ተደግፎ፣ በቀኝ እጁ ብሩሽ ጨብጦ፣ የገባና የወጣ ጨው ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለመሄዱ ሰበብ የሆኑት ሁለት መጻሕፍት ናቸው፤ ዕዳ የከበደው አንድ ነጋዴ በጨው ዋጋ ፋንታ ትቶለት የሄደ።

አንደኛው የታኦው ሊቅ የላኦዙ መጽሐፍ ነበር። አነበበው፣ ወደደው፣ አልገባውም፤ አለመግባቱንም ወደደው። ልቡን የወሰደው ግን ሁለተኛው ነው። የቲየንታይ ትምህርት መሥራች መነኩሴ ዢዪ ስለ ተመስጦ አቀማመጥ የጻፈው፣ ምስጥ ጫፍ ጫፉን የበላው ቀጭን ጥራዝ። እዚያ ውስጥ የሚደረግ ነገር አለ፦ እግር እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሰውነት ሰባት ስምንት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ተወዛውዞ እንዴት እንደሚረጋ፣ አፍንጫ ከእምብርት ትይዩ እንዴት እንደሚውል፣ እስትንፋስ እንዴት እንደሚቆጠር። መቁጠር ሥራው ነበርና ይኼ አልከበደውም።

ከተራራው ሥር ጉኦቺንግ የሚባል ትልቅ ገዳም አለ። ጸሐፊው ሲወጣ በደጁ አልፏል። ወደ ግቢው ሲያይ ሁለት ወጣት መነኮሳት በአንድ ባልዲ ውሃ ይጨቃጨቃሉ፤ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ደግሞ ከጎመን ላይ ትል ይለቅማል። «እኔ የምፈልገውን እነዚህም አላገኙትም» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ግማሽ ቀን ከሚያስኬድ ዳገት በኋላ ለብቻው ጎጆ ሠራ፤ ምሰሶና ማገሩ ቀርከሃ፣ ግድግዳው ጭቃ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መቀመጥ ጀመረ። የዜን ቡድሂዝም አባት የሚባለው ቦዲዳርማ ዘጠኝ ዓመት ግድግዳ ሲያይ ኖረ የሚለውን ወሬ እሱም ሰምቶታል። መጀመሪያ ጉልበቱ ነደደ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ ከዚያ ሁሉም ለመደ። እስትንፋሱ ረጋ። አንዳንድ ማለዳ ጉም ከሸለቆው ሲነሳ የቱ ጉም፣ የቱ እሱ እንደሆነ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ይኼ የውሸት አልነበረም። በእርግጥ ደርሶበታል።

አንድ ነገር ብቻ ይከነክነዋል። በጎጆው ጥግ ያቆመው የቀርከሃ ምሰሶ ወደ ቀኝ ያዘመመ ይመስለዋል። ዐይኑን በገለጠ ቁጥር ያው ምሰሶ። አንድ ቀን አላስችል ሲለው ተነሳና በድንጋይ እየመታ ወደ ግራ አስጠጋው። ተመልሶ ሲቀመጥ ቀጥ ብሏል። ከወራት በኋላ ግን እንደገና ያዘመመ መሰለው፤ እንደገና መታው። በዓመቱ የበሩን መቃንም፣ ወራጁንም፣ የአልጋውን እግርም እንዲሁ አቃና። በመጨረሻ ጎጆው በሙሉ ከእሱ ጋር ተስማማ፤ የሚከነክነውም ነገር ጠፋ።

ከተራራው ግርጌ ከሩዝ ገለባ ጫማ የምትጎነጉን አንዲት አሮጊት ነበረች። ጫማው ባለቀ ቁጥር ወደ እሷ ይወርዳል። አሮጊቷ አሮጌውን ተቀብላ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ የማየት ልማድ አላት፤ ጉንጉኗ የት ላይ እንደከዳት ማወቅ ትፈልጋለች።

«አባ» አለችው አንድ ቀን፣ «የእርስዎ ሁልጊዜ የሚያልቀው ግራው ነው፤ ያውም በውጭ በኩል። ሲሄዱ ያጋድላሉ መሰለኝ።»

እሱ ፈገግ አለ። «እማማ፣ ሰውነት እኮ ጥላ ነው።»

«ጥላ ጫማ አይጨርስም» አለችና ገለባዋን መጎንጎን ቀጠለች።

በኋለኛው ክረምት ዝናቡ በረታ። የጎጆው ክዳን ወደ ግራ እየተንሸራተተ ውሃ ማስገባት ጀመረ፤ ከዢዪ ጥራዝም ምስጡ ያስቀረው በሰበሰ። ጸሐፊው ቸግሮት ከመንደር አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አስጠራ። ግንበኛው ከጎጆው ፊት ለፊት ቆሞ እጁን አጣምሮ ቆየ።

«ይኼን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ጠጥተህ ነበር?»

መልስ ሳይጠብቅ ገባ። ከከረጢቱ ቱንቢውን አወጣ፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ክር ነው። ከወራጁ ላይ አንጠለጠለው። ድንጋዩ ሰባት ስምንት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ተወዛውዞ ረጋ።

ጸሐፊው ዐይኑን ጠበብ አድርጎ አየው። «አባቴ፣ ክርዎ ወደ ቀኝ ያጋድላል።»

ሽማግሌው ክሩን አየ፤ ሰውየውን አየ። «ነፋስ የለም» አለ።

«ነፋስ አላልኩም። ምናልባት ድንጋዩ ባንድ ወገን ይከብድ ይሆናል።»

ሽማግሌው ድንጋዩን ፈታና ሌላ አሰረ። ያው ነው። «ልጄ፣ ይኼ ክር መጽሐፍ አላነበበም። የሚያውቀው ወደ ታች መውረድን ብቻ ነው። እስቲ እንደምትቀመጠው ቁጭ በል።»

ጸሐፊው እግሩን አጣጥፎ፣ ተወዛውዞ፣ ቀጥ አለ፤ ማለትም እሱ ቀጥ የሚለውን ያህል። ሽማግሌው ከኋላው ዞሮ የክሩን ጫፍ ማጅራቱ ላይ ያዘና ድንጋዩን ለቀቀው። ክሩ በአከርካሪው ላይ በመውረድ ፈንታ ከግራ ዳሌው አጠገብ አየር ላይ ተንጠለጠለ። ሽማግሌው ምንም አላለም። ሁለት ጣቱን የሰውየው ግራ ትከሻ ላይ አድርጎ በቀስታ ገፋው።

ጸሐፊው ሁለት እጁን ወደ ወለሉ ሰደደ። «ወደቅኩ!»

«አልወደቅክም።»

«ወደ ቀኝ እየወደቅኩ ነው! ልቀቁኝ!»

«አልያዝኩህም እኮ» አለ ሽማግሌው። እጁን ካነሳ ቆይቷል።

ሰውየው እየተንቀጠቀጠ ቆየ። የግራ ጎኑ ጅማት ይጎትተዋል፤ የቀኝ እግሩ ከዚህ በፊት ያልተሸከመውን ክብደት ይሸከማል። ከዚያ ሁሉ የባሰ ግን ያ የጉም ማለዳ ትዝ አለው። «እንግዲያ ያየሁት ሁሉ ውሸት ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ያየኸውን እኔ በምን አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ግድግዳ ነው። ክዳንህ ያፈሳል።»

ጸሐፊው እግሩ ላይ ወደቀ፤ እዚሁ ይቀመጡና ያስተምሩኝ ብሎ ለመነው። ሽማግሌው ለነገ ታችኛው መንደር ምድጃ እንዳለበት ነገረው። ምሰሶዎቹን መልሶ አቁሞ፣ ክዳኑን አድሶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ወረደ። ቱንቢውንም ይዞት ሄደ፤ የሥራ ዕቃው ነዋ።

ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው የሚቀመጠው እየወደቀ እየመሰለው ሆነ። ቆጠራው ከአራት አያልፍለትም። ጉሙም ጉም ብቻ ሆነ። ጥቂት ቀን እንዲህ ከታገለ በኋላ፣ ጫማው ገና ሳያልቅ፣ ወደ አሮጊቷ ወረደና ፊቷ ቆመ።

«እማማ፣ አሁንስ አጋድላለሁ?»

አሮጊቷ ከሥራዋ ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ድሮ ወደ ግራ ነበር» አለች። «አሁን ወደ ቀኝ ሆኗል።»

ምሳሌው ይኸው ነው። ተረቱ የእኔ ነው፤ ሰውየውን ቲየንታይ ላይ ያወጣሁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚያ ተራራ በስተደቡብ፣ በዛሬዋ ዌንዦ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ665 ሹዋንጁዌ የሚባል ሰው ተወልዷል። የቲየንታይን ትምህርት ተማረ፤ ከዚያ በራሱ ንባብና ተመስጦ ገፋበትና እውነቱ በራለት። የታላቁን የዜን መምህር የሁዊነንግን አንድ ደቀ መዝሙር አግኝቶ ሲያነጋግረው ንግግሩ ከታላላቆቹ ንግግር ጋር አንድ ሆነበት። እውነቱ እንደበራለት ማን እንዳረጋገጠለት ሲጠይቀው ግን የሚጠራው ስም አልነበረውም። በዚህ የተነሳ ሹዋንጁዌ ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ጓንግዶንግ ውስጥ ሁዊነንግ ዘንድ ሄደ። በዜን መጻሕፍት እንደሚተረከው፣ በትሩን እንደያዘ፣ ሳይሰግድ፣ መምህሩን ዞሮት ፊቱ ቆመ። ስለ ትዕቢቱ ተገሠጸ፤ ጥቂት ቃል ተለዋወጡ፤ ሁዊነንግ መሰከረለት። ወዲያው ሊመለስ ሲነሳ አንድ ሌሊት እንኳ እንዲያድር ለመነው፤ አደረና ሄደ። አንድ ሌሊት ብቻ ማደሩ ቅጽል ስሙ ሆኖ ቀረ።

ራሱን ያስተማረን ሰው ሁሉ እንደ ሌባ የሚያዩ የዜን ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሹዋንጁዌ የደከመበትን ለብቻው ደክሞበታል፤ አንድ ሌሊት ብዙ ትምህርት አይሰጥበትም። ለብቻው ሊያገኘው ያልቻለው ነገር «አይደለም» ሊለው የሚችል ሰው ነበር። መጽሐፍ ለሁሉም እሺ ባይ ነው፤ ያጋደለውም አንብቦት ልክ እኔን ነው የሚለው ይላል። አፍንጫ ከእምብርት ትይዩ ይሁን የሚል መመሪያ የአንባቢው አፍንጫ የት እንዳለ አያይም።

ከሹዋንጁዌ 500 ዓመት ያህል ቆይቶ በጃፓን ኖኒን የሚባል መነኩሴ ዜንን ከመጻሕፍት ተምሮ ማስተማር ጀመረ፤ ተከታይም አፈራ። አስተማሪ የለውም የሚለው ነቀፋ ሲበዛበት፣ እ.ኤ.አ. በ1189 ሁለት ደቀ መዛሙርቱን ደብዳቤ አስይዞ ወደ ቻይና ላከ። ዴጓንግ የተባለው መምህር ኖኒንን በዐይኑ ሳያየው ማረጋገጫውን ሰጥቶ መለሳቸው። ወረቀቱ ደረሰ፤ ነቀፋው ግን አልቆመም። ነቃፊዎቹም ቢሆኑ ንጹሐን አልነበሩም፤ ማን የማን ደቀ መዝሙር ነው የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ የገዳምና የደጋፊ መሳፍንት ጉዳይም ነበር። ቢሆንም የኖኒን ነገር ያሳዝነኛል፤ የጎደለው ጀርባውን የሚያይ ሰው ሆኖ ሳለ የጠየቀው ማኅተም ነው።

አስተማሪ ያለው ሁሉ ቀጥ ብሏል ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ በላይ የዜን ማዕከል በመምህሩ ቅሌት ተናውጧል። እነዚያ መምህራን ማረጋገጫ ነበራቸው። እነሱን ደፍሮ «ያጋድላሉ» የሚላቸው ግን አልነበረም፤ የነበረውም አልተሰማም።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው በሰውነት በኩል ነው። ጃፓናዊው ሃኩይን (1686–1769) በወጣትነቱ ያለ ልክ ተቀምጦ ታመመ። ራሱ እንደጻፈው ደረቱ ይነዳል፣ እግሩ በረዶ ውስጥ የተነከረ ያህል ይቀዘቅዛል፣ ጆሮው ይጮኻል፤ ሐኪም ሁሉ አቃተው። በመጨረሻ፣ እሱ እንደሚተርከው፣ በኪዮቶ አቅራቢያ ዋሻ ውስጥ ወደሚኖር ሃኩዩ የሚባል ብሕትው ወጣ። ሃኩዩ ረቂቅ ትምህርት ከመስጠቱ በፊት እጁን ይዞ መረመረውና ከልክ ያለፈ ተመስጦ እንዳሳመመው ነገረው። መድኃኒቱም እንዲህ ነበር፦ የዳክዬ እንቁላል የሚያህል መልካም ሽታ ያለው ለስላሳ ቅቤ አናትህ ላይ እንዳለ አስብ፤ እየቀለጠ በትከሻህ፣ በደረትህ፣ በሆድህ አልፎ እስከ ውስጥ እግርህ ሲወርድ ይሰማህ። (አናቷን ቅቤ ተቀብታ ፀሐይ ላይ ለምትቀመጥ የእኛ አገር ሴት ይኼን ማስረዳት አያስፈልግም።) ሃኩይን ይኼን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1757 ነው፤ በእርጅናው።

ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ አቅራቢያው የዜን ቤትም የታኦ መምህርም ሳይኖር፣ በመጽሐፍና በስልክ እየተመራ በየማለዳው ቁጭ የሚል ሰው አለ። እንዲተው የምመክርበት ምክንያት አይታየኝም። ቢያማክረኝ የቱን መጽሐፍ እንዳነበበ አልጠይቀውም። አብሮት የሚበላ ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው ይኼን ነገር ከጀመረ ወዲህ ስለ ጠባዩ ምን እንደሚል፣ እሱስ ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ ነው የምጠይቀው። «ታጋድላለህ» የሚለው ሰው ካለውና መስማት ከቻለ፣ መምህር ፍለጋ ወደ ኪዮቶ የሚወስደውን ቲኬት ለጊዜው ሊያቆየው ይችላል።