ኤልፎችን ሟች ያደረጋቸው ማን ነው?

«ድራጎን ኤጅ» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ የተጫወቱ ወጣቶች ከመካከላችሁ እንደማይጠፉ እገምታለሁ። ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ድርጅት የመጀመሪያውን ክፍል ያወጣው በ2009 ነው። ሁለተኛው በ2011፣ «ኢንኩዊዚሽን» የተባለው ሦስተኛው በ2014፣ «ዘ ቬይልጋርድ» የተባለው አራተኛው በ2024 ተከተሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚካሄደው ቴዳስ በተባለ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ነው። በዚያ ዓለም ሰዎች፣ ድዋርፎችና ኤልፎች ይኖራሉ። ኤልፎች ጆሯቸው ሾጠጥ ያለ፣ ሰውነታቸው ቀጠን ያለ ሕዝብ ናቸው። ጥንት አይሞቱም ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን እንደማንም አርጅተው ይሞታሉ።

አስማት ያለበት ጨዋታ በቤተ ክርስቲያን መጽሔት ላይ ምን ይሠራል የሚል ሰው ይኖራል። ጨዋታው ይታይ ወይስ ይቅር የሚለውን ከወላጆቻችሁና ከመሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ የዛሬው ጉዳዬ እርሱ አይደለም። ጉዳዬ የጨዋታው ወዳጆች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ ነው። ኤልፎች አለመሞትን እንዴት አጡ? ያንን ዓለም የሚበላው ርኩሰትስ ከየት መጣ? ጥያቄው ስለ ኤልፍ ይመስላል እንጂ እኛንም ይነካል።

መጀመሪያ የኤልፎቹን የራሳቸውን መልስ እንስማ። ዴሊሽ የሚባሉት ኤልፎች ከሠረገሎቻቸው ጋር ከጫካ ወደ ጫካ የሚዘዋወሩ፣ ከጥንቱ ቋንቋቸውና ሥርዓታቸው የቀረውን ቁራጭ ሰብስበው የሚጠብቁ ናቸው። ሽማግሌዎቻቸው ለልጆች የሚነግሩት እንዲህ ነው፦ አባቶቻችን አይሞቱም ነበር፤ ዕድሜ የጠገበ አረጋዊ ረጅም እንቅልፍ ይተኛል እንጂ መቃብር አይወርድም። ከዚያ ሰዎች መጡ። ከእነርሱ ጋር በመዋላችን ብቻ ዕድሜያችን አጠረ፣ እንደ እነርሱ ማርጀት ጀመርን። ልንርቃቸው ስንል ደግሞ ቴቪንተር የተባለው የሰዎች መንግሥት ወረረን፤ አርላታን የተባለችውን ከተማችንን አጠፋ፤ ባሪያ አደረገን። ስለዚህ የዴሊሽ ልጅ ገና በሕፃንነቱ የሚማረው ትምህርት አንድ ነው፤ ሞት ወደ እኛ የመጣው ከሌላው ወገን ነው፣ ከሰው ራቅ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንሻገር። ቴዳስን የሚያሠቃይ አንድ ክፉ ነገር አለ። ገበሬ ስንዴው ላይ ሲያየው የሚደነግጥበትን ዋግ አስቡ። የዚያ ዓለም ዋግ ግን ምድሩንም፣ እንስሳውንም፣ ሰውንም ይይዛል፤ የያዘውን አእምሮውን አሳጥቶ ጭራቅ ያደርገዋል። ከየት መጣ? ቻንትሪ የሚባለው የጨዋታው ቤተ እምነት መልስ ዝግጁ ነው። የቴቪንተር አስማተኛ ሹማምንት በትዕቢት ተነሥተው በሥጋቸው ወደ ፈጣሪ ወርቃማ ከተማ ገቡ፤ ኃጢአታቸው ከተማይቱን አጠቆራት፤ እነርሱም ተረግመው የመጀመሪያዎቹ ጭራቆች ሆኑ። ከእነዚያ ሹማምንት አንዱ፣ ኮሪፊየስ የሚባለው፣ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነቅቶ ሲናገር ደግሞ የተለየ ነገር ይናገራል። እኛ ስንደርስ ከተማይቱ ጥቁር ነበረች ይላል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ኤልፉ ያረከሰን ሰው ነው ይላል። ቻንትሪው የቴቪንተር ሰዎች ናቸው ይላል። የቴቪንተሩ ሰው፣ ቀድሞ ረክሶ ጠበቀን ይላል። ሦስቱም ስለ ርኩሰት ይናገራሉ፣ ሦስቱም ጣታቸውን ወደ ውጭ ይቀስራሉ። ይህ አነጋገር ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ አዲስ አይደለም። በዔድን ገነት ጥያቄ ሲቀርብ አዳም ወደ ሔዋን፣ እንዲያውም እርስዋን ወደ ሰጠው ወደ እግዚአብሔር አመለከተ፤ ሔዋን ወደ እባቡ አመለከተች። በሕዝቅኤል ዘመን የነበሩት ምርኮኞችም ስለ ጎምዛዛ ወይንና ስለ ልጆች ጥርስ የሚናገር ተረት ነበራቸው፤ ጥፋቱ የአባቶቻችን ነው፣ እኛ ምን አደረግን ለማለት ይተርቱት ነበር። ነቢዩ ያንን ተረት ከአፋቸው እንዲያወጡ ታዘዘላቸው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ የወጣቶች ኅብረት ሲቀዘቅዝ የሚባለውን አስታውሱ። ስልክ አጠፋን፣ ከሌላ አጥቢያ የመጡት አመሉን ይዘውብን መጡ፣ ዓለም ገባብን። ሁሉም ጥቂት እውነት ይኖርበታል። ነገር ግን ከመቀዝቀዙ በፊት በመዘምራኑ መካከል የነበረውን መናናቅ የሚያነሣ አይገኝም። በየቤታችን ስለ ሌላ ወገን የሰማነውም ወሬ እንዲሁ ነው፤ እነ እገሌ ባይመጡብን ኖሮ ተብሎ ይጀመራል።

ወደ ጨዋታው ወዳጆች እንመለስ፤ በእውነት ያስደነቁኝ እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ የሚጫወቱት በኤልፍ ስም፣ ልባቸውም ከኤልፎች ጋር ነው። የዴሊሾቹን ታሪክ እንዳለ ተቀብለው ቢቀመጡ ማንም አይፈርድባቸውም። እነርሱ ግን በጨዋታው ውስጥ የተበተኑትን የጽሑፍ ቁራጮች፣ የግድግዳ ሥዕሎች፣ የድንጋይ ጽሑፎች ለቅመው አስተያዩ። አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቁ፦ ሞት የሚመጣው ከሰው ጋር በመዋል ከሆነ፣ ከሰው ሸሽተው በጫካ ተወልደው በጫካ የሚያረጁት ዴሊሾች ለምን ዕድሜያቸው አልረዘመም? ከዚያም ዓይናቸውን ወደ ሌላ ነገር መለሱ። በቴዳስ በሚታየው ዓለምና በመናፍስቱ ዓለም መካከል መጋረጃ ተዘርግቷል። መጋረጃው ከጥንት የነበረ ሳይሆን በኋላ የተጋረደ ቢሆንስ? ኤልፎችን የሚያኖራቸውን ምንጭ የዘጋው እርሱ ቢሆንስ?

ግምታቸው ትክክል ሆነ። በ«ኢንኩዊዚሽን» ውስጥ አቤላስ የተባለ፣ ከጥንቱ ዘመን የተረፈ የቤተ መቅደስ ጠባቂ ይገኛል። እርሱ የሚናገረው ለዴሊሽ ጆሮ መራራ ነው፦ አርላታንን ያጠፋት ሰው አይደለም፤ ኤልፎች እርስ በርሳቸው ተዋጉ፣ ቴቪንተር የመጣው ሬሳው ላይ ነው። በ2015 በወጣው «ትረስፓሰር» በተባለው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ ሶላስ የተባለው ሰው እውነቱን ገለጠ። መጋረጃውን የዘረጋው እርሱ ነው። ዴሊሾች ፌንሀሬል ብለው፣ አታላዩ ተኩላ ብለው የሚፈሩት እርሱ ራሱ ነው። ኤልፎችን ሟች ያደረጋቸው ከወገናቸው የሆነ፣ ያውም ነጻ ሊያወጣቸው የተነሣ ኤልፍ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መናገር እፈልጋለሁ። የአቤላስ ቃል ቴቪንተርን ነጻ አያወጣም። ሬሳ ላይ መጥቶ የተረፉትን በሰንሰለት ያሰረ ሰው ያሰረው አሰረ ነው፤ የባርነቱ ዘመን እውነት ነው፣ ዛሬም ኤልፎች በሰዎች ከተሞች በአጥር ተከልለው በድኽነት ይኖራሉ። «የወደቃችሁት በራሳችሁ ነው» የሚለው ቃል በበደለኛ አፍ ሲገባ ሁለተኛ በደል ይሆናል። አቤላስ ሊናገረው የቻለው የእነርሱ ስለሆነና እርሱም የሚያለቅስበት ስለሆነ ነው። ሕዝቅኤልም ከምርኮኞቹ ጋር የተማረከ እንጂ ከባቢሎን ግንብ ላይ ቆሞ የሚናገር አልነበረም።

ታዲያ ሶላስ ያንን ያህል ነገር ለምን አደረገ? መልሱ የዴሊሾችን ታሪክ ሁለተኛ ክፍል ይነካል። እስካሁን የወሰደብንን ማን ነው አልን። የተወሰደውስ ምን ነበር?

ዴሊሾች አማልክት ብለው የሚጠሯቸው ኢቫኑሪስ አማልክት አልነበሩም። ሶላስ እንደሚለው በጦርነት ጊዜ መሪዎች ነበሩ፤ ጦርነቱ ሲያልፍ ሥልጣኑ አላለፈም፤ መሪዎቹ ነገሡ፣ ነገሥታቱም ተመለኩ። የማይሞት ንጉሥ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። እኛ ክፉ ገዥ ሲገጥመን ቢያንስ አንድ ነገር እናውቃለን፤ እርሱም ያረጃል። የአርላታን ባሪያ ይህ ተስፋ እንኳ አልነበረውም። ዴሊሾች ዛሬ ለአማልክቶቻቸው ክብር በፊታቸው ላይ የሚነቀሱት የሚያምር ንቅሳት፣ በዚያ ዘመን ጌታው ባሪያውን የሚለይበት ምልክት ነበር። በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንደዚህ ያዘነብኝ ቦታ የለም። ሰዎቹ የናፈቁትን ዘመን በፊታቸው ተሸክመው ይዞራሉ፤ የተሸከሙት ግን የሰንሰለቱን ማኅተም ነው።

በ2024ቱ ክፍል ነገሩ ይብሳል። ከእስር ያመለጡት ሁለቱ የቀሩ «አማልክት» ሕይወታቸውን ዋግ በያዛቸው ታላላቅ ዘንዶዎች ላይ አስረውት ይገኛሉ። ዘንዶው እስካልሞተ እነርሱ አይሞቱም። አለመሞትና ርኩሰት በአንድ ገመድ ታሰሩ ማለት ነው።

ይህን ሳይ በዘፍጥረት ሦስተኛ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ያሉት ኪሩቤል ትዝ ይሉኛል። ሰው ከወደቀ በኋላ ወደ ሕይወት ዛፍ የሚወስደው መንገድ በነበልባል ሰይፍ ተዘጋ። ብዙዎቻችን ስናነበው ቅጣት ብቻ ሆኖ ይታየናል። ከጥንት ጀምሮ ግን ምሕረትም ነው ያሉ አባቶች ነበሩ፤ ሰው በወደቀበት ልብ ለዘላለም እንዳይኖር፣ ኃጢአቱ ዕድሜ ልክ እንጂ ዘመን የለሽ እንዳይሆን መንገዱ ተጠበቀ ብለዋል። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ቂመኛ ሰው ሺህ ዓመት ቢጨመርለት የሺህ ዓመት ቂም ነው የሚይዘው። ጌታ በዮሐንስ ወንጌል የዘላለምን ሕይወት ሲተረጉመው በዓመታት ርዝመት አልለካውም፤ እግዚአብሔርንና የላከውን ማወቅ ነው አለው። ኢቫኑሪስ የያዙት ይህን አይደለም። የያዙት የሞት መዘግየት ነው።

ሶላስን በተመለከተ ተጫዋቾች ለሁለት ይከፈላሉ፤ የሚወዱትና የማይታገሡት። እኔ እወደዋለሁ፣ አላምነውም። በኤልፎች ቋንቋ ስሙ ትዕቢት ማለት ነው። እርሱ እንደ ዴሊሾቹ ጣቱን ወደ ውጭ አይቀስርም። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል፣ ደጋግሞ ይላል። ይህ ብፅዕና ይመስላል። ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ ነው ካለ በኋላ ምን አደረገ? ስለዚህ የማስተካክለውም እኔ ብቻ ነኝ አለ። መጋረጃውን ቀድጄ የጥንቱን ዓለም እመልሳለሁ፤ ዛሬ በዚህ ዓለም የሚኖሩት ሰዎች፣ ድዋርፎች፣ ኤልፎችም ጭምር ቢያልቁ የማዝንበት ዋጋ ነው አለ። ለሞቱት ብሎ ሕያዋንን ሊገድል ተነሣ። ወዳጅ ሲለምነው ያለቅሳል፣ ከእቅዱ ግን አይመለስም።

ጣትን ወደ ራስ ማዞር ብቻውን ንስሓ አይደለም ማለት ነው። «ሁሉ በእኔ ነው የጠፋው» የሚል ሰው አንዳንድ ጊዜ ራሱን የነገሩ ሁሉ መሃል አድርጎ ያስቀምጣል። በኅብረታችንም እንዲህ ያለ ወንድም ወይም እኅት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ለጥፋቱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይቅር ሲባል አይቀበልም፣ ብቻውን ሊክሰው ሲሮጥ ሌላ ሰው ይረግጣል።

የመጨረሻው ክፍል ሁለቱን እንቆቅልሾች አንድ ያደርጋቸዋል። ዋጉም ከቴቪንተር አልመጣም። ከዘመናት በፊት ኤልፎች ታይታን ከሚባሉት የምድር ፍጥረቶች ጋር ተዋጉ። ሚታል የተባለችው፣ ሶላስ የሚወዳትና የሚያገለግላት እመቤት፣ ጦርነቱን እንዲያስቆም ለመነችው። እርሱ ጩቤ ሠራ፤ በዚያ ጩቤ የታይታኖቹ ሕልም ከታይታኖቹ ተቆረጠ። የተቆረጠው ሕልም በሥቃይ አበደ፤ ዋግ የሆነው እርሱ ነው። ቻንትሪው በአንድ ወገን ያሳበበው፣ ኮሪፊየስ ቀድሞ ነበር ያለው፣ ሁሉም የሸሸው ነገር ምንጩ የሁለት ሰዎች ውሳኔ ነበር፤ ሰላም የፈለጉ የሁለት ሰዎች።

ጨዋታው እንደ ተጫዋቹ ምርጫ በተለያየ መንገድ ይጨረሳል። ሶላስን በውጊያ ማሸነፍ ይቻላል፤ በተንኰል ማሰርም ይቻላል። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። በዚህኛው ከብዙ ዘመን በፊት ከተገደለችው ከሚታል የተረፈው መንፈስ መጥቶ በፊቱ ይቆማል። በክርክር አትረታውም፤ ንጹሕ ነህም አትለውም። ከአገልግሎትዋ እንደፈታችው ትነግረዋለች፤ ያንን አስከፊ ነገር ያደረጉትም ሁለቱም አብረው እንደሆነ ትናገራለች። በአራቱም ክፍሎች ውስጥ በደልን ከሌላው ጋር ለመካፈል የመጣ ሰው ስናይ ያን ጊዜ የመጀመሪያችን ይመስለኛል። ሶላስ ይሰበራል። የራሱን ሕይወት ከመጋረጃው ጋር ያስራል፤ መጋረጃውም ሳይቀደድ ይቀራል። ከዚያም ማንም ሳይገፋው በገዛ እግሩ ወደ እስር ቤቱ ይገባል።