የመርፌዋ ምክር

የሚቻለውን ሁሉ ከሰው መጠየቅ ምን ጊዜም ተገቢ ነውን? ይህን ጥያቄ ያሳደረብኝ ታላቅ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ከእፍኝ የማይበልጥ የሞዴል አይሮፕላን ሞተር ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ በግለት ብቻ የምትሠራ ትንሽ ካንዴላ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፣ ለእንዲህ ያለው ሞተር የኤሌክትሪክ ብልጭታ አላስፈለገውም። ነዳጁ ሜታኖል ነው፤ ዘይቱም፣ ብዙ ጊዜ የጉሎ ዘይት፣ ከዚያው ጋር ይቀላቀላል። በካርቡራተሩ ላይ ያለችውን መርፌ ሲያጠብቋት ነዳጁ ያንሳል፤ ሲያላሏት ይበዛል። እንግዲህ ነዳጁን የሚቀንስ ሰው ዘይቱንም አብሮ መቀነሱ ነው።

አንድ ቀን ከልጄ ጋር ሜዳ ወጣን። መርፌዋን ባጠበቅሁ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ እየቀጠነ ስለ ጮኸ እጅግ ደስ አለኝ። ልጄ ግን፣ «አባባ፣ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርገን እንሞክረው፤ ሽቅብ ሲወጣ ነዳጅ ያጥረዋል» አለኝ። «ዝም በል!» አልሁት። አይሮፕላኑ ተነሣ፤ ሽቅብ ሲያቀና ድምፁ ሰለለ፤ ጸጥ ብሎም ወደቀ። ብናየው ፒስተኑ ተፋፍቆ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቋል። እኔም እፍረቴን ለመሸሸግ፣ «ነዳጁን ያበላሸኸው አንተ ነህ» አልሁት። ልጁ አልመለሰልኝም።

ማታ መጽሐፉ ላይ ተደፍቶ አንቀላፍቶ አገኘሁት። ሁለተኛ ሲወጣ «አንደኛ ለምን አልሆንህም?» ብዬ ጨዋታውንና እንቅልፉን የቀነስሁበት እኔ ነኝ። ትርፍ ነገር የቀነስሁ መስሎኝ ነበር፤ የቀነስሁት ግን ዘይቱን ኖሯል።

«ታዲያ ሰነፍ እንሁን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ነዳጅ የበዛበት ሞተርም ጭስ እየተፋ ይንተፋተፋል እንጂ ኃይል አይሰጥም። ዐዋቂ ሰው ግን መርፌዋን አጥብቆ የሞተሩን የመጨረሻ ፍጥነት ካገኘ በኋላ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ያላላታል። ይህችም ጥቂት ነገር የዳገቱ ስንቅ ናት እንጂ ስንፍና አይደለችም።

በማግሥቱ ልጄን፣ «ነዳጁ ደኅና ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልሁት። «ዐውቄ ነበር» አለኝ። ይህች ቃል ከሞተሩ መሰበር ይልቅ አሳዘነችኝ፤ እያወቀ ዝም ማለትን ያስተማርሁት እኔ ነኝና።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ነገ አንተም በሰው ላይ ትሾም ይሆናል። ያን ጊዜ የጩኸቱ ከፍታ አያታልልህ፤ ከሥርህ ያለው «ዳገት አለብን» ሲልህም ስማው። አዲስ ሞተር በገዛን ጊዜ መርፌዋን የያዘው ልጄ ነው።